ሌሊቱን ለእናቷ ብቻ አትተውላት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ ለጤናህ እንደምን አለህ? ምራቴስ፣ ትንሿስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትናንት የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «አባዬ፣ ቀን ሙሉ ትተኛለች፣ ሌሊት ግን ዓይኗን አፍጥጣ ታድራለች፤ ምን በድለናት ነው?» ትላለህ። ከኋላ የእሷም ድምፅ ይሰማል። ምንም አልበደላችኋትም። የሦስት ሳምንት ሕፃን ቀንና ሌሊት አትለይም። ማህፀን ውስጥ ሳለች መሸ፣ ነጋ የሚላት የእናቷ ሰውነት ነበር፤ ስትወለድ ያ ቀረ፣ የራሷ ደግሞ ገና አልመጣም። ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ለሰማንያዋ፣ ለክርስትናዋ ስትደርስ ትንሽ ትንሽ ለውጥ ታያላችሁ። እስከዚያው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ያህል ትተኛለች፣ ግን እየቆራረጠች። ሆዷ ትንሽ ነው፣ የእናት ወተትም ቶሎ ይንሸራሸራል፤ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለባት። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት አሁን አታስተምራትም። ሌሊት ምን እንደሆነ ግን ልታሳያት ትችላለህ።

ቀን መጋረጃውን ክፈቱት። ተኝታለች ብላችሁ በሹክሹክታ አታውሩ፤ ቡና ይወቀጥ፣ ሰው ይምጣ፣ ስትነቃ አጫውቷት። ሲመሽ መብራቱን ቀንሱ። ሌሊት ስትነሳ ጨዋታ የለም፣ የስልክ ብርሃን የለም፤ ትጥባ፣ ታግሳ፣ ካስፈለገ ዳይፐሯ ይቀየርና ትመለስ። ድምፅ ባሰማች ቁጥርም ዘለህ አታንሳት። ሕፃን ተኝታም ታቃስታለች፣ ትንፈራገጣለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች። ትንሽ ጠብቅ፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ትመለሳለች። ስታስተኛት መቀመጫዋን አስቀድመህ ራሷን በመጨረሻ አሳርፍ፣ እጅህንም ከደረቷ ላይ ቶሎ አታንሳ። ይህን ያወቅሁት ባንተ ነው። ራስህን ሳስቀድም ሁለት እጅህን ወደ ላይ ወርውረህ ትባንንብኝ ነበር።

አሁን ለእናትህ እስከ ዛሬ ያልነገርኋትን ልንገርህ። አንተ እንደተወለድህ እናትህ በአራስነቷ ታመመች፤ ለመጥባት ብቻ እሷ ዘንድ አስገባሃለሁ፣ የቀረው ሌሊት የእኔ ነበር። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንድ ሌሊት እሹሩሩ እያልሁ ስዞር ቆየሁና ደክሞኝ ሶፋው ላይ ቁጭ አልሁ። ደረቴ ላይ አስተኝቼህ ጋቢዬን ለሁለታችን ደረብሁት። እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ደረቴ ላይ የለህም። በክንዴና በሶፋው መደገፊያ መካከል ተንሸራተህ ገብተሃል፣ የጋቢው ጫፍ አፍንጫህን ሸፍኖታል። መንጭቄ ሳወጣህ አለቀስህ። የሰው ልቅሶ እንደዚያ ሌሊት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ ሶፋ ላይ ታቅፈሃት አትተኛ። ዓይንህ ከከበደህ ብታለቅስም አልጋዋ ላይ አስተኛት። በጀርባዋ፣ በጠንካራ ፍራሽ፣ በራሷ አልጋ፣ እናንተ ባላችሁበት ክፍል። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አልጋዋ ውስጥ አይግባ። እኛ በጎን፣ አንዳንዴም በሆድ እናስተኛ ነበር፤ አላወቅንም። እዚያው አሜሪካ በፈረንጆቹ 1994 ሕፃናት በጀርባቸው ይተኙ ተብሎ ለሕዝብ መነገር ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ድንገት የሚሞቱት ሕፃናት በግማሽ ገደማ ቀንሰዋል። እናትህ የላከችውን ጋቢም ሕፃኗ ላይ አትደርቡት። ምራቴ ሌሊት ስታጠባ ትከሻዋ ላይ ጣል ታድርገው፤ ብርድ የሚመታው የእሷን ትከሻ ነው። እናትህን እኔ አስረዳታለሁ።

ዘመዶች በስልክ ቅቤ አልሷት፣ ስኳር በውሃ ስጧት ቢሏችሁ እንዳትሞክሩት፤ እስከ 6 ወር የእናቷ ጡት ይበቃታል። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ወይም መጥባት እምቢ ካለች ግን ይንጋ ሳትሉ ሐኪም ቤት ውሰዷት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ምራቴ ናት። እናቷ አጠገቧ የለች፣ እናትህም ቪዛ እየጠበቀች ነው። ገንፎ የሚያገነፋላት፣ አጥሚት የሚያቀርብላት፣ «አንቺ ተኚ፣ እኔ እይዛታለሁ» የሚላት ካንተ በቀር ማን አላት? እሷ ማጥባቱን ታጥባ፤ ማስገሳቱ፣ መቀየሩ፣ መልሶ ማስተኛቱ ያንተ ይሁን። በየሌሊቱ አራት ሰዓት ሳይቆረጥ እንድትተኛ የምትችለውን ሁሉ አድርግ። ነገ ሥራ አለኝ እንዳትላት። እኔም ሥራ ነበረኝ፤ እናትህ ባትታመም ኖሮ ሌላ ክፍል ተኝቼ አድር ነበር። ያን ጊዜ እንዴት ስታቃስት ረሃብ፣ እንዴት ስታቃስት ሆድህን እንደሆነ ሳላውቅ በቀረሁ። ዛሬም ድምፅህን ስሰማ ደክሞህ እንደሆነ የምለየው በዚያ ይመስለኛል።

እናንተ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ቁርሴን በልቼ በረንዳ ላይ ነኝ። ትንሿን ይዘህ ቤቱን ስትዞር ደውልልኝ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ። እንቅልፍ እንዳይጥልህ አወራሃለሁ።

አባትህ