እጃቸው ሥራ ይያዝ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቶ ባሕር ዳር ዐይን የምታሳርፍ ሆናለች። አባትሽ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ወክ ያደርጋል፤ ሲመለስ ስለ እንቦጩ ያማርራል። አታውቂውም?

ባለፈው «እማ፣ ማረሚያ ቤት አማካሪ ሆኜ ተመደብኩ፣ ግን ታራሚዎቹ አያናግሩኝም» ስትይኝ ኔትወርኩ ቆረጠን። ልነግርሽ የፈለግሁት አጭር ነበር። ከመጠየቅሽ በፊት እጃቸው ሥራ ይያዝ። ክር ይሁን፣ መርፌ ይሁን፣ እንዝርት ይሁን፣ ያገኘሽውን ስጫቸው።

እዚህ ሴት ታራሚዎችን ዳንቴልና ፈትል እንደማስተምር ታውቂያለሽ። አንዷ መጀመሪያ ስትመጣ ቀና ብላ ሰው አታይም ነበር። ኪሮሽና ነጭ ክር ሰጠኋት። ክሩን ጣቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ስለምትይዘው ኪሮሹ አልገባ እያለ አስቸገራት። «ትንሽ አላላው» አልኳት። ፈታችው፤ ጀመረችው፤ አሁንም ፈታችው። ክሩ ተጨማደደ፣ በጣቷ ላብ አደፈ። አንድ መዳፍ የምታህል ክብ ከወጣላት በኋላ ዐይኗን ከክሩ ሳታነሳ «ልጄ እናቴ ጋ ነው» አለች። ማንም አልጠየቃትም እኮ! ከዚያ ስለ ልጁ አወራች፣ ስለ ራሷም ትንሽ ጨመረች።

ፊት ለፊት ተቀምጠሽ እስክሪብቶ ይዘሽ ስትጠይቂያት ምርመራ ነው የሚመስላት። በሱ ደግሞ ተሰላችታለች። ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ሁለታችሁም ክር ላይ ስታቀረቅሩ ግን ዝም ማለትም አያሳፍርም፣ መናገርም አይከብድም።

ፈትልማ ከዚህም ይብሳል። ባዘቶውን በአንድ እጅ ይዘሽ እንዝርቱን ስታሾሪ እጅሽ ከቸኮለ ይበጠሳል፣ ከዘገየ ደግሞ ይጓጉላል። ተናዶ የሚፈትል ሰው አላየሁም። ቢሞክርም ክሩ ያሳብቅበታል። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ስም ሳታወጡለት አትቀሩም። እኔ የማውቀው፣ ቀን የፈተለች ሴት ማታ እንቅልፍ እንደሚወስዳት ነው። ራሳቸው ናቸው የሚነግሩኝ።

አንቺ ያለሽበት ወንዶች ስለሚበዙ ሽመና ካለ እሱን ያዢ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ በእግሩ ይረግጣል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ በዐይኑ ጥለቱን ይጠብቃል። ሐሳብ ሲሄድበት ድሩ ይበጠሳል፤ ቋጥሮ ይቀጥላል። ማታ ሲነሳ ጨርቁ በክንድ ተለክቶ ይታያል። እስር ቤት ደግሞ ቀኑ ከቀን የማይለይበት ቦታ ነው። ትናንት ከነበረበት ዛሬ ከፍ ማለቱን በዐይኑ የሚያሳየው ሌላ ምን አለው?

«እኔ ሸማኔ ልሁን?» የሚል አይጠፋም። ይሄ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» የሚል ስድብ አሁንም ከአንዳንዱ ሆድ አልወጣም። ዐፄ ምኒልክ እንኳ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። እንዲህ የሚልሽን አትከራከሪው፤ የመጀመሪያው ሰው ጋቢ ሸጦ ለልጁ ደብተር ሲገዛ ራሱ ይመጣል። የማይመጣም ካለ ተይው፣ መጽሐፍ አንብብ በይው። በግድ የሚሠራ ነገር መድኃኒት አይሆንም።

የአጎትሽን ነገር ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። በደርግ ጊዜ ሲታሰር አያትሽ ስንቅ ትቋጥርለት ነበር። እንጀራው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ሁሉም ከሷ ጉሮሮ ተነጥቆ ነው። እሱም ያውቃል። በኋላ እንደነገረኝ ከእስሩ ይልቅ የከበደው ሰሃኑን ባዶ አድርጎ መመለሱ ነበር። እዚያ ሹራብ የሚሠሩ እስረኞች ነበሩና ከነሱ ተማረ። ያረጀ ሹራብ ይፈታሉ፣ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ሲሚንቶ ላይ ስለው መርፌ ያደርጋሉ። አንድ ቀን አያትሽ ስንቁን አቀብላ ባዶ ሰሃን ስትጠብቅ ሹራብ ወጣላት። አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፣ ቀለሙም ሦስት ዓይነት ነው። እስክትሞት ለበሰችው። ለእኔ የዚህ ሁሉ ሥራ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ስንቅ ተቀባይ የነበረ ሰው ሰጪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስንጠይቀው ቀና ብሎ ያወራን ጀመር።

እኔ የፋብሪካ ሰው ነኝ። በጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው በጨርቃ ጨርቃችን ነው ያረጀሁት፤ ስለ ጨርቅ የተጻፈ ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1841 ራጃ በምትባል መርከብ ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ የተጋዙ ሴት እስረኞች ነበሩ። በጎ አድራጊ ሴቶች መርፌ፣ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ አስያዟቸው። ሦስት ወር ባሕር ላይ ሲንገላቱ ከ2,800 በላይ ቁራጭ ገጣጥመው አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ ሰፉ። ዛሬ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ውስጥ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ፋይን ሴል ወርክ የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ታራሚዎችን ጥልፍ ያስተምራል፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ክፍላቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ትራስ ይጠልፋሉ፣ የሠሩበትም ይከፈላቸዋል።

የክፍያውን ነገር አደራ። ሰውን ቀኑን ሙሉ አሠርተው ጨርቁን ሸጠው ለሱ ምንም የማይደርሰው ከሆነ ያ ጉልበት ብዝበዛ ነው፣ በፈውስ ስም እንዳትሸፍኚላቸው። ስንት ተሸጠ፣ ስንት ደረሰው፣ በስሙ ተጽፎ ይታይ። ሌላው፣ በጣም የታመመውን ሰው በክር አድናለሁ ብለሽ እንዳታዘገዪው፤ ሐኪም ጋ ላኪው።

ኃላፊዎቹ መጀመሪያ የሚያነሱብሽ መቀስና መርፌ ነው። አይፈረድባቸውም። በቁጥር ይውጣ፣ በቁጥር ይግባ፤ መዝገቡን ከጠባቂው ጋር ሁለታችሁም ፈርሙ። እኛ ጋ የፕላስቲክ ኪሮሽ ስናመጣ ጭቅጭቁ ቀርቷል። ለጥምቀት ነጠላ ስለሚፈለግ ገዢውን ከአሁኑ አነጋግሪ። ሠርተው ዕቃው መጋዘን ከተቀመጠ ሞራላቸው ይወድቃል።

ከቅዳሜ ገበያ ጥሩ ባዘቶ አግኝቻለሁ። ከኪሮሾቹ ጋር አድርጌ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ስንት ሰው እንደሚጀምር ንገሪኝ። በቴሌግራም ስትመልሺ በድምፅ ይሁን፤ ያቺን ጥቃቅን ጽሑፍሽን ዐይኔ እንቢ ብሏል።

እናትሽ
ከባሕር ዳር