ስለ አኳሪየም የወጣው ምክር ለድሬዳዋ ውኃ አይስማማም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ ሕያው ተክል ስለሚበቅልበት የዓሣ ገንዳ አሠራር የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። የፕላስቲክ አበባና ቀለም የተቀባ ጠጠር ለሰለቸን ሰዎች እንዲህ ያለ ጽሑፍ መውጣቱ በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ከሰጧቸው ምክሮች መካከል ሁለቱ፣ ማለትም ድንጋይ ከወንዝ ለቅሞ አጥቦ መጠቀምና ውኃ በጎደለ ቁጥር ከቧንቧ መሙላት፣ እዚህ ድሬዳዋ ላለ አንባቢ ጉዳት አላቸው፤ ሦስተኛው፣ ትልቁን ድንጋይ መሃል ላይ ማቆም የሚለው ደግሞ፣ የትም ቢሆን የገንዳውን መልክ ያበላሻል። ሦስቱንም አድርጌ አንድ ዓመት ስላባከንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የከተማችን ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣና ካልሲየም የበዛበት መሆኑን በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይመሰክራል። እኔ በዚህ ውኃ ላይ ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ የለቀምኳቸውን፣ ቅርጻቸው ዓይን የሚስብ አመድማ ድንጋዮች ጨመርኩበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ተክሎቹ ማደግ አቆሙ፤ ቅጠላቸውን በጣቴ ስዳስሰው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክር ጀመር። ዘግይቶም ቢሆን ከድንጋዮቹ አንዱን አውጥቼ፣ አድርቄ፣ አቼቶ ጠብ ባደርግበት ጥቃቅን አረፋ እያወጣ ተንሿሿ። የኖራ ድንጋይ ነበርና ቀድሞውንም ካልሲየም በጠገበ ውኃ ላይ ሌላ ካልሲየም ይጨምር ኖሯል። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ አረፋው በዓይን ላይጎላ ስለሚችል፣ ድንጋዩን ወደ ጆሮ አስጠግቶ ማዳመጥ ይበጃል። ዛሬ ገንዳዬ ውስጥ ያሉት በዚህ ፈተና ዝም ያሉት ጥቁር ድንጋዮች ብቻ ናቸው።

ውኃ ስለ መሙላት የተባለውም እንዲሁ ነው። በእኛ ሙቀት፣ በተለይ ውኃውን ለማቀዝቀዝ ቬንቲሌተር ወደ ገንዳው አፍ ስናዞር፣ ብዙ ውኃ ይተናል፤ የሚተነው ግን ንጹሑ ውኃ ሲሆን ካልሲየሙ እዚያው ይቀራል። በላዩ የቧንቧ ውኃ ብቻ የሚሞላ ሰው በየሳምንቱ ገንዳውን እያወፈረው ይሄዳል። ስለዚህ የተነነውን ካልሲየሙ ተጣርቶ በወጣለት ውኃ ወይም በንጹሕ ዕቃ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ መተካት፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ በየሳምንቱ ከገንዳው ሩብ ያህሉን አውጥቶ ክሎሪኑ በወጣለት ውኃ መለወጥ ያስፈልጋል። ቬንቲሌተሩን ግን መተው አይቻልም፤ 20 ዲግሪ ላይ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዝ ውኃ 30 ዲግሪ ሲደርስ ከ7.6 ብዙም አይዘልም፤ መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው በቆመበት ሌሊት ደግሞ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ሲጎነጩ ማየት ነው።

ተክሉንም ቢሆን ከውኃው ጋር የሚስማማ መምረጥ ይሻላል። ቫሊስኔሪያ፣ ያ እንደ ጥብጣብ የሚረዝመው፣ በውኃ ውስጥ ከሟሟ ባይካርቦኔት ካርቦን መውሰድ ስለሚችል የእኛን ውኃ አይጠላም። የምዕራብ አፍሪካው አኑቢያስም ጠንካራ ነው፤ ወፍራም አግዳሚ ግንዱ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ ግን በክር ከድንጋይ ላይ ይታሰራል። ከዓሣም ጉፒ በዚህ ውኃ ይመቸዋል።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር የምወደው ክፍል ይህ ነው። ገንዳዬ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ትልቁን ድንጋይ በምክራችሁ ዓይነት መሃል ላይ አቁሜው ሳለ፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች፣ እትዬ ትንሽ የምንላት ጎረቤታችን አየችውና «ልጄ፣ ይሄ ዘበኛ እዚህ ቆሞ ማንን ነው የሚጠብቀው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ሆኖ አልታየኝም። የተክል አኳሪየምን እንደ መልክዓ ምድር መንደፍን በዓለም ያስፋፉት ጃፓናዊው ታካሺ አማኖ (1954–2015 እ.ኤ.አ.) በሥራዎቻቸው ዋናውን ድንጋይ ከመሃል አርቀው፣ ከርዝመቱ ሲሶ ጥቂት አለፍ ብለው ያቆሙት ነበር፤ በእኔ ገንዳ ልክ ከግራው ጫፍ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ድንጋዩን ወደዚያ አዛውሬ፣ ጥቂት ወደ ጎን አዘንብዬ፣ ሁለት ትናንሾችን የድንጋዩን መስመር ተከትዬ በአንድ አቅጣጫ አስጠጋሁለት። አሸዋውን ከፊት 3፣ ከኋላ 10 ሳንቲ ሜትር አድርጌ አዳፋሁት፤ በድንጋዮቹ መካከል የተውኩት ባዶ መንገድም ወደ ኋላ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ከፊት ወደ ኋላ 40 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጥልቀት በዓይን እጥፍ ያህል ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መቀስና ትዕግሥት ነው። ቫሊስኔሪያው ወደ ጎን እየተሳበ መንገዱን ሊዘጋ ስለሚሞክር በየሁለት ሳምንቱ እነቅለዋለሁ፤ የተነቀለውንም በጓሮዬ አደርቀዋለሁ እንጂ ወደ ቦይ አልጥልም፣ እንቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን አይተናልና። በቀኝ በኩል ያለው ጥግ ግን እስካሁን ባዶ ባዶ ይለኛል፤ የጽሑፋችሁ አዘጋጅ ለዚህ የሚሆን፣ ሙቀት የሚችል አጭር ተክል የሚያውቁ ከሆነ በሚቀጥለው እትም ቢጠቁሙን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ