ለመሸጥ እኮ መጀመሪያ ኮንትራት ያስፈልጋል

ግልጽ ደብዳቤ፤ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ክቡራን ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ቡና እየጠጣን የእግር ኳስ ክለባችንን ባሕር ዳር ከተማን በወሬ እንደ አዲስ ገነባነው። አንዱ ከሂሳብ ወረቀት ጀርባ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመረ፤ የሚሸጡና የሚቀሩ። ጭቅጭቁ ጦፎ የሰባት ሰው ስም ከዚያ ወደዚህ ሲመላለስ ቆየ። በመጨረሻ ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን፣ "ቆይ፣ የእነዚህ ልጆች ኮንትራት መቼ ነው የሚያልቀው?" አለ። ሁላችንም ዝም። ወረቀቱ ሲኒ ሥር ተቀመጠ።

ክለቡ የከተማው ስለሆነ ነው ጥያቄውን ወደ እናንተ ያመጣሁት።

በእኛ አገር ሊግ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። በፊፋ ደንብ ደግሞ ኮንትራቱ ስድስት ወር ሲቀረው ከፈለገው ክለብ ጋር መደራደር ይችላል። ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ለክለቡ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም። ከዚያ እኛ ለተተኪው የፊርማ ገንዘብ ፍለጋ እንሯሯጣለን። ስለዚህ "ማንን እንሽጥ?" የሐምሌ ጥያቄ አይደለም። ዓመት ቀደም ብሎ መነሳት አለበት።

አጥቂውን አቡበከር ናስርን አስታውሱ። በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሸጠ። ኮንትራት ባይኖረው ኖሮ ለቡና የሚቀረው ጭብጨባ ብቻ ነበር።

የእኛዎቹ የጣና ሞገዶች በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። በዚያው ነሐሴ በአፍሪካ ክለቦች ውድድር የታንዛኒያውን ክለብ አዛምን በመለያ ምት ጥለው አለፉ። እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ ስልክ ይደወላል፣ ገበያ ይሞቃል። መሸጥ ያኔ ነው። ቡድኑ አስረኛ ከሆነ በኋላ ማን ይጠይቀናል?

ስም አልጠራም፤ የሰው እንጀራ ነው። ግን ሐሳቤን ልናገር። ዕድሜው 24 ወይም 25 ሆኖ ጥሩ ዓመት ያሳለፈ፣ ኮንትራቱም ዓመት ከመንፈቅ የቀረው አጥቂ ካለን፣ ገዢ ከመጣ ይሸጥ። ደጋፊው ይጮሃል፤ እኔም አብሬ እጮሃለሁ፤ ቢሆንም ይሸጥ። ሠላሳን የተሻገረና ከፍተኛ ደመወዝ የሚበላውን ግን እንሸጣለን ብለን ራሳችንን አናታልል። ገዢ የለውም። ኮንትራቱ ሲያልቅ በክብር ይሸኝ። መሀል ተከላካዮቹንና ፊታቸው የሚቆመውን አማካይ ግን በአንድ ክረምት አትንኩብን። የጎጃም ገበሬ ቢቸግረው ወይፈኑን ይሸጣል እንጂ ሰኔ ላይ ጥማድ በሬውን ገበያ አያወጣም። (በረኛውንማ ተዉት፤ በሱ ጉዳይ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈናል።)

ገንዘቡስ? ከተጫዋች ሽያጭ የሚገኘው ከዓመቱ በጀት ጋር ተደባልቆ እንዳይቀልጥ ለብቻው ይያዝና ለታዳጊዎች ይዋል። ማታ ማታ በሰፈራችን ሜዳ ሁለት ልጆች አንድ ጥንድ ታኬታ ተካፍለው ሲጫወቱ አያለሁ፤ አንዱ ቀኙን፣ አንዱ ግራውን። ከእነዚህ አንዱ አድጎ ከአገር ወደ አገር ቢሸጥ፣ ፊፋ ከዝውውሩ ክፍያ 5 በመቶውን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ያካፍላል። ድርሻችንን ለመጠየቅ ግን ልጁ በወቅቱ በስማችን ተመዝግቦ መገኘት አለበት። አንድ ፋይል፣ አንድ ጸሐፊ ይበቃል።

የስታዲየሙን ነገር ለሌላ ቀን ልተወው፤ እሱ ከተነሳ ደብዳቤው አያልቅም።

የእሑዷ ወረቀት አሁን እኔ ኪስ ውስጥ ናት። ቡና ፈሶባታል። ሦስተኛ ዓምድ ጨምሬባታለሁ፤ "ኮንትራቱ የሚያልቅበት ቀን" የሚል። ባዶ ነው። መረጃው እናንተ ጋ ካለ፣ የዝውውር መስኮቱ፣ ማለትም ተጫዋች የሚሸጥበትና የሚገዛበት ጊዜ፣ ሳይዘጋ ሙሉልን።

አክባሪያችሁ፣
የሞገዶቹ ደጋፊ፣ ከባሕር ዳር