የዕጽዋትና ሣር ክበብ፦ ሰርዶ የተከልንበት ዓመት

መስከረም ላይ አባላት ስንመዘግብ አብዛኛው ተማሪ የመጣው አበባ ለመትከል ነበር። እኛ ግን ይዘናቸው የሄድነው ወደ ኳስ ሜዳው፣ ጎል አፍ ነው። ቦታውን ታውቁታላችሁ። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። በረኛ ሆኖ የወደቀበት ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቀዋል።

«ሰርዶ ነው የምንተክለው» ስል ሳቅ ሆነ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ አያቴ እኮ ሰርዶ ሲነቅል ነው ያረጀው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰርዶ ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም ይዘረጋል። ማረሻ ሲቆራርጠው አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ እንደገና ይበቅላል። ገበሬውን የሚያማርረው ይህ ጠባዩ ግን ለኳስ ሜዳ ተፈላጊ ነው፤ ቢረገጥም ቢቀደድም ቦታውን መልሶ ይሸፍናል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ በከንቱ ነው የደከመችው።

ከመትከላችን በፊት አፈሩን አየን። ሁለት ጫፉ የተከፈተ የቲማቲም ድልህ ጣሳ መሬት ውስጥ ገፋ አድርገን ውሃ ሞላንበት። አጥሩ ሥር ውሃው ቶሎ ሰረገ። ጎል አፍ ላይ ግን ቆሞ ቀረ። አፈሩ በእግር ብዛት ተጠቅጥቆ የአየር ቀዳዳው ተዘግቷል ማለት ነው። እንዲህ ባለ አፈር ሥር አይተነፍስም፤ ዘር ቢዘሩበት፣ ማዳበሪያ ቢበትኑበት ልፋቱ መና ነው። ስለዚህ ጎል አፉን በዶማ ቆፍረን ብስባሽ ቀላቀልንበት። ሌላውን ሜዳ በፌሮ ቁራጭ በሳሳነው። ቅዳሜ ጠዋት እየመጡ ፌሮ የመቱትን ልጆች እዚህ ላይ ሳላመሰግን አላልፍም።

ተከላው ራሱ ቀላል ነው። ከአጥሩ ሥር የነቀልነውን ሰርዶ ቆራርጠን በስንዝር ርቀት ቀበርነው፣ አጠጣነው። ከባዱ ሰው እንዳይረግጠው ማድረግ ነበር! የስፖርት መምህራችን ጎሉን ወደ መሀል አምጥተው በድንጋይ ባያጫውቱልን ኖሮ ሁሉም ነገር ገደል ይገባ ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ቢጫ ሲሆን ብዙዎች «ሞተ» አሉን። ሰርዶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ የአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ እድገቱን ይገታዋል እንጂ አይገድለውም። የበልግ ዝናብ ሲመጣ አንሰራራ። ከጥዱ ሥር የተከልነው ግን አልሆነም፤ ጥላ አይወድም። እዚያ አግዳሚ ወንበር ይሻላል።

ክርክሩ የመጣው በአጨዳ ላይ ነው። ወንዶቹ «ዜሮ እንላጨውና እንገላገል» አሉ። ሕጉ ግን በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጥ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን የምትፈልገውን ሣር 6 ሲደርስ ታጭደዋለህ። ቅጠሉን ከሥሩ ካነሳህበት ምግብ የሚሠራበት ያጣል፣ ሥሩም ያጥራል። እንዲያድግ ትቶ አንዴ ከመላጨት ቶሎ ቶሎ ጥቂት ማጨድ ይሻላል። በማጭድ እኩል አድርጎ ማጨድ ግን ቀላል አይደለም፤ ሜዳው አሁንም ትንሽ ዥንጉርጉር ነው።

በዓመቱ አጋማሽ አቮካዶ ማዳቀልም (የአንዱን ቅርንጫፍ በሌላው ችግኝ ላይ ማጣበቅ) ሞክረናል። ግማሹ ያዘ፣ ግማሹ ደረቀ። ለጀማሪ መጥፎ አይደለም።

አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ «ሣር በኮሌጅ ይጠናል እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። ይጠናል። አሜሪካ ውስጥ ፔን ስቴትና ሚሺጋን ስቴት የተባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሣር ሜዳ አያያዝን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው ይሰጣሉ። እኛ አገር ሆርቲካልቸር (የአትክልትና ፍራፍሬ ልማት) ማጥናት የሚፈልግ ጅማና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎችን ይጠይቅ። የመግቢያው ኮርስ ስለ አፈር፣ ሥር፣ ውሃና አጨዳ ሲያወራ ለክበባችን ልጆች እንግዳ አይሆንባቸውም።

በክረምት ሣሩ በፍጥነት ስለሚያድግ የአጨዳ ተራ አውጥተናል። ስም ዝርዝሩ ባዮሎጂ ላብራቶሪ በር ላይ ተለጥፏል። ማጭድ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የክበቡ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ አንዱም ዶልዱሟል።