ከሎዛን የሒሳብ ክፍል የተሰማ የምሥራች

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

በስዊዘርላንድ የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ የሒሳብ ፕሮፌሰር የሆኑት ዩክሬናዊቷ ማሪና ቪያዞቭስካ ሰኔ 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ በሒሳብ ከፍተኛ ከሚባሉት ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለሙ። እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ሲሰጥ በቆየው በዚህ ሽልማት ታሪክ፣ ከኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ ቀጥሎ ሁለተኛዋ ሴት ናቸው።

ለሽልማት ያበቃቸው ጥያቄ በመጠን እኩል የሆኑ ኳሶች እንዴት ቢደረደሩ ባዶ ቦታው እጅግ ያንሳል የሚል ነው። በምንኖርበት ባለ ሦስት አውታር (ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ) ዓለም የብርቱካን ነጋዴው ክምር አቻ እንደሌለው የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ገመተ፤ ማረጋገጫው ግን እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ቆየ፣ ያውም በኮምፒውተር እገዛና በብዙ ገጾች። ቪያዞቭስካ እ.ኤ.አ. በ2016 ለባለ ስምንት አውታሩ ያቀረቡት ማረጋገጫ 30 ገጽ እንኳ አይሞላም! ሌሎች የሒሳብ ሊቃውንት ጥያቄውን በአንድ ጊዜ የሚቋጭ ፈንክሽን መኖር አለበት ብለው ለዓመታት ሲፈልጉት ነበር፤ እርሳቸው አገኙት። በሳምንቱም ከአራት ባልደረቦች ጋር ባለ 24 አውታሩን ፈቱ። እንዲህ ያለ አጭርና ጥርት ያለ ሥራ ሲከበር ማየት በእውነት ያስደስታል።

ማረጋገጫው ስለተመሠረተባቸው ሞዱላር ፎርሞች (ልዩ ሲሜትሪ ስላላቸው ፈንክሽኖች) የምታውቁ አባላት በሚቀጥለው ስብሰባችን የማረጋገጫውን መንገድ ብታስረዱን ሁላችንም እንጠቀማለን፤ እባካችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁን። የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም የዚህ ጥያቄ ባለ ሁለት አውታር መልክ የሆነውን የክቦችን አደራደር ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሞክሩት።