«ቋንቋ በዝቶበት ነው» እየተባለ የሚባክን ጊዜ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በድሬዳዋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። አንድ ልጅ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ሲቀር፣ በከተማችን ቶሎ የሚሰጠው ምክንያት «አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማልኛው ተደበላልቆበት ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» የሚል ነው። ይሁን እንጂ አፍ ሳይፈቱ መቆየት የኦቲዝም፣ ማለትም ከሕፃንነት ጀምሮ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት ልዩነት፣ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ በላይ ቋንቋ መስማት ግን ኦቲዝምን እንደማያመጣ፣ ኦቲዝም ያለበትንም ልጅ አፍ ከመፍታት እንደማያዘገይ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ጉዳቱ ጊዜ በማባከን ብቻ አያበቃም። «በአማርኛ ብቻ አናግሩት» የተባለ አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ከኦሮምኛ ሌላ የማይቀናቸው አያት የልጅ ልጃቸውን ማናገር ተዉ። ልጁ ግን ሲያንጎራጉሩለት ጉልበታቸውን ይዞ አብሯቸው ይወዛወዝ ነበርና፣ ምክሩ ያለችውንም መግባቢያ ነጠቀው።

አሳሳቢዎቹ ምልክቶች በየትኛውም ቋንቋ አንድ ናቸው። ዓመት የሞላው ሕፃን ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት የወደደውን በጣቱ ጠቁሞ ካላሳየ ወይም የለመደውን ቃል ከተወ፣ ጆሮውን ጨምሮ ሊመረመር ይገባል። ሕፃናት በ15 ወራቸው ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ስለሚመጡ፣ ከታቢዋ ነርስ ያኔውኑ እናቲቱን ብትጠይቅ ብዙ ልጆች በጊዜ ይታወቃሉ። ክትባቱ ኦቲዝም እንደማያመጣም አብራ ብትነግራት መልካም ነው፤ የሚሰጉ እናቶች አሉና።

ምርመራው እስኪያልቅም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። በክፍሌ ጫማ፣ ውኃ፣ ምሳ ዕቃና ሽንት ቤት በካርቶን ላይ ሥዬ በየተራቸው እሰቅላለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያወቀ ልጅ ይረጋጋል፣ ቃል ያላወጣውም ሲጠማው የውኃውን ሥዕል ነቅሎ ያመጣልኛል። ሥዕል ንግግርን አያስቀርም።

ለልጃቸው ትምህርት ቤት ያጡት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተዋል፤ ከድሬዳዋ ልጅ ይዞ እዚያ ድረስ መመላለስ ግን የብዙ ቤተሰብ አቅም አይደለም። ስለዚህ የከተማ አስተዳደሩ ጤና ቢሮ ለከታቢ ነርሶች፣ ትምህርት ቢሮውም ለመምህራን ሥልጠና እንዲሰጡ፣ ኦቲዝም ኖሮባቸው ላደጉና ከትምህርት ገበታ ውጭ ለቀሩት ወጣቶችም የእጅ ሙያ የሚማሩበትን ቦታ እንዲያመቻቹና ዕቅዳቸውን ከመጪው መስከረም በፊት ለወላጆች እንዲያሳውቁ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ