ለ7ኛ ክፍል ወላጆች፦ ስለዘገየው የሒሳብ ፈተና ወረቀት

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ ወረቀት ለምን አልተመለሰም እያላችሁ ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል። እውነት ነው፣ ዘግይቷል። ጥፋቱ ግን የመምህሩ አይደለም፤ ድልድሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አንድ መምህር በዓመቱ መሀል ሲለቁብን ክፍሎቻቸውን ለእኚሁ መምህር ደረብኩባቸው። አሁን 6 ሴክሽን ይዘዋል፤ በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ። በየክፍሉ 52 ተማሪ አለ። አንድ ወረቀት በ4 ደቂቃ ቢታረም እንኳ ሁሉም ወደ 21 ሰዓት ይፈጃል። እሳቸው ደግሞ መልሱን ብቻ አይተው አያልፉም። መልሱ ተሳስቶ አካሄዱ ልክ ከሆነ ነጥብ ይሰጣሉ። ሮስተሩና የቅዳሜው ማጠናከሪያ ሳይቆጠር ነው እንግዲህ።

ይህን ሁሉ ተሸክመውም ክፍል ሲገቡ ድካም አይታይባቸውም። ባለፈው ማክሰኞ በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ቀሪ ያለውን ማካፈል በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት ያስተምራሉ፤ የግል ፍቅራቸው ነው። «2018 ላይ 5500 ደምሩ» አሉ። 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ «ወንበር» ይባላል። 12 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12 አበቅቴ ይባላል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ደግሞ 18 ይተርፋል፤ መጥቅዕ። ሁለቱ ሲደመሩ 30። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ በ2019ስ?» አለ። «ሞክረዋ!» አሉት። ደወሉ ተደውሎ እንኳ ከመቀመጫው የተነሳ አልነበረም። እኔም ቢሮ ገብቼ ሞከርኩት። 23 እና 7 መጣልኝ።

ወረቀቶቹ ሐሙስ ይመለሳሉ። ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱን ሴክሽን እኔ እይዛለሁ። ጠመኔ ከጨበጥኩ ቆይቻለሁና ልጆቻችሁ ይታገሱኝ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ግን እባካችሁ ወደ መምህሩ አትደውሉ፤ ጥያቄያችሁን በመገናኛ ደብተሩ ላይ ጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አርብ ከሰዓት መምህሩ ልጆቹን ገበጣ ያጫውታሉ። ባለ 3 ረድፍ ነው፤ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 3 ጠጠር። ጠጠሩ እየጠፋ አስቸግሯል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ገበጣ የሚበቃ ጥሬ ባቄላ ይዞ ይምጣ። ስንት እንደሚሆን እናንተ አትንገሩት።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ